ሐይቅ ዳር ዓሣ በላሁ፤ ስለ ሐይቁ ግን ማንም አልነገረኝም

የዓሣውን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰው። አንደኛ ነው። ቆሮሶው ሙሉውን ተጠብሶ ይመጣል። ጎንና ጎኑ ተተልትሏል፣ ቆዳው ኩርሽም ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ አልደረቀም። ከጎኑ ዳጣ፣ ሎሚና ትኩስ እንጀራ አለ። ደሴ ላይ ዓሣ እየተባለ የሚቀርብልኝ በረዶ የበላው ነገር ትዝ ብሎኝ ተናደድኩ። ጉላሹ ግን ይቅርባችሁ፤ ቲማቲም ብቻ ነው።

ቤቱ ደሴ አጠገብ ባለው በሐይቅ ሐይቅ ዳር ካሉት አንዱ ነው። የምወቅሰው ስላለኝ ስሙን አልጠራም፤ ወቀሳው ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም። ከደሴ መናኸሪያ በሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ፤ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ በባጃጅ ወደ ውሃው መውረድ ነው። አስተናጋጆቹ ወሎዬ ናቸው፤ ሲያስጠብቁህ እንኳ አንጀት በሚበላ አነጋገር ነው። ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም። ሐይቅ አፍንጫ ሥር ተቀምጦ ውሃ የለም!

አሁን ወደ ወቀሳዬ። ገብቼ፣ በልቼ፣ ቡናዬን እስከ በረካ ጠጥቼ ሂሳብ ስከፍል፣ ስለ ሐይቁ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። ሐይቁ በመስኮቱ በኩል ተዘርግቶ ይታያል፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ግን የማላውቀው አገር ፏፏቴ ነው።

ይሄ ለምን እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። ዱባይ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ስሠራ አብረውኝ የሚኖሩት ፊሊፒኖች ነበሩ። ከእነሱ ጋር የኖረ ያውቀዋል፤ ስለ አገራቸው ተፈጥሮ ከጀመሩ እንቅልፍ የለም። አንዷ የአልባይ ልጅ ናት፣ የማዮን እሳተ ገሞራ ያለበት። ተራራው ከየትኛውም ጎን ቢያዩት ሾጣጣነቱ የማይዛነፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1814 ፈንድቶ ካግሳዋ ላይ ቤተ ክርስቲያን ቀብሯል፤ ዛሬ የቀረው የደወሉ ማማ ነው። እሷ ይሄን ስትነግረኝ የገዛ ዘመዷን ጠባይ የምታወራ ነበር የምትመስለው። የቦሆሏ ልጅ ደግሞ ትቀበላታለች፦ «እኛ ጋ ከ1,200 በላይ ኮረብቶች አሉ፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ቸኮሌት ይመስላሉ።» ከዚያ ሁለቱም ቦርሳቸውን ይከፍታሉ። በ100 ፔሶው ጀርባ ማዮን፣ በ200ው የቸኮሌት ኮረብቶች አሉ። በ500ው ደግሞ የፖርቶ ፕሪንሴሳው የከርሰ ምድር ወንዝ። ገንዘባቸውን እንደ አልበም ነበር የሚያገላብጡት።

ያ ወንዝ ፓላዋን ደሴት ላይ ነው። ከተራራ ሥር ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ በቀጥታ ባሕር ይገባል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 መዝግቦታል። በኋላ አንድ የግል ድርጅት «አዲሶቹ ሰባት የተፈጥሮ ድንቆች» ብሎ ሕዝብ ሲያስመርጥ፣ የአልባይዋ ልጅ ስልኳን ይዛ እየዞረች ሁላችንንም አስመረጠችን። ፓላዋንን በዓይኗ አይታ አታውቅም! ኅዳር 2004 ዓ.ም. ወንዙ ከሰባቱ መግባቱ ሲነገር ክፍላችን ሠርግ ሆነ። እርግጥ ውድድሩ ከዩኔስኮ ጋር አይገናኝም፣ ደጋግሞ መምረጥም ይቻል ነበር። ለእነሱ ግን ምን ገዷቸው።

ኩራታቸው ወሬ ብቻ አይደለም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በቸኮሌት ኮረብቶቹ ግርጌ መዋኛ የሠራ መዝናኛ ቪዲዮው ሲወጣ አገሩ በቁጣ ተነሣ፤ መዝናኛውም ተዘጋ። የቦሆሏ ልጅ ዛሬም ትጽፍልኛለች፣ ያን ሰሞን በሌላ ነገር ማውራት አልቻለችም። እኛ ጋ ዳር ላይ ባጃጅ ይታጠባል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ይንሳፈፋል፣ ሰው በላዩ ቆሞ ፎቶ ይነሣል።

ለማንኛውም ጀልባ ተሳፈርኩ። ዋጋው እንደየፊታችሁ ነው፤ ሳትነጋገሩ እንዳትገቡ። የደህንነት ጃኬቱ አለ፣ ማሰሪያው ግን አይያዝም። ፖርቶ ፕሪንሴሳ ላይ ቀዛፊዎቹ በባትሪ ዋሻውን እያበሩ ይሄ ድንጋይ ነጭ ሽንኩርት፣ ያ በቆሎ ይመስላል እያሉ በማሳቅ የታወቁ ነበሩ። የእኛው ልጅ ዝም። በመጨረሻ እኔው ጠየቅኩት።

«ጥልቀቱ ስንት ነው?»

«ከ80 ሜትር በላይ ነው እህቴ። አብሽሪ፣ ዳር ዳሩን ነው የምንሄድ።»

ለካ ልጁ የማያውቀው የለም። ከላይ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ በወንዝ ወደዚህ እንደሚፈስ፣ ከዚህ ግን ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ እንደሌለ ነገረኝ። ቆሮሶው ድሮ እንዳልነበረ፣ መንግሥት አምጥቶ እንደጨመረው አጫወተኝ። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ዛፋም ልሳነ ምድር እያሳየኝ፣ ቀድሞ ደሴት እንደነበር፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ እንዳስተማሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሪዎቻቸው አንዱ እንደነበሩ ተረከልኝ። ስሙ መሐመድ የሆነ ልጅ ገዳሙን እንዲህ ሲተርክ እኔም ሻሼን አስተካክዬ እሰማለሁ። ወሎ እንግዲህ ይሄው ነው። ይህን ሁሉ ለሰው ለምን እንደማይናገር ብጠይቀው «ማን ጠይቆኝ?» አለኝ። ጉርሻ ሰጠሁት፤ ከዓሣው እኩል ይገባዋል።

ስመለስ ባለቤቱን አገኘሁት። ደግ ሰው ነው፣ ቡናውን ሂሳብ ውስጥ አላስገባም። ፏፏቴውን አንሥተህ የሐይቁን ፎቶ ስቀል፣ ከሥሩም ጥቂት መስመር ጻፍበት፣ ጀልባ ነጂዎቹም እንዲያወሩ ንገራቸው አልኩት። ሽንት ቤቱንም ጨመርኩለት። ለሽንት ቤቱ ወዲያው «ይስተካከላል» አለ። ለጽሑፉ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ፣ «በይ አንቺው ጻፊልኝ» አለኝ። የጥልቀቱን፣ የአርዲቦንና የገዳሙን ነገር ጻፍኩለት። አንብቦ ሲጨርስ ትንሽ አሰበና፣

«ጥሩ ነው እህቴ» አለኝ፤ «የዓሣውን ዋጋ ከየት ላይ ላስገባው?»

ብትሄዱ በሥራ ቀን ይሁን። እሑድ የሠርግ አጃቢ ሐይቁን ያጥለቀልቀዋል፣ ዓሣውም ከሰባት ሰዓት በፊት ያልቃል።