ኤፍኤል፣ ኤብልተን ወይስ ሪፐር? ጅማ ላይ ቢት ለሚጀምር

ላፕቶፕ ስለምጠግንና ማታ ማታ ቢት (የዘፈን ምትና ማጀቢያ) ስለምሠራ፣ «ልጀምር ነው፣ ከሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራሞቹ የቱን ልጫን?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ለሁሉም በየተራ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው። መልሴ ሪፐር ነው።

በዋጋ እንጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። ስሌቱ እንዲቀለን ዶላሩን በ150 ብር እንያዘው። የኤብልተን ላይቭ ሙሉው፣ ስዊት የሚባለው፣ 749 ዶላር ነው። 112,350 ብር! በዚህ ላፕቶፕ ይገዛል። ትንሹ ኢንትሮ 99 ዶላር ወይም 14,850 ብር ቢሆንም 16 ትራክ (የድምፅ መስመር) ላይ ያቆማችኋል። የኤፍኤል ስቱዲዮ ትንሹ ፍሩቲም ያው 99 ነው። ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ የሚያውቀው ግን ፍሩቲ ላይ ድምፅ መቅዳት እንደማይቻል ነው። ማይክ ሰክታችሁ ልትዘፍኑ ካሰባችሁ ጨምራችሁ ፕሮዲውሰር የሚባለውን መግዛት ግድ ነው። ሪፐር በዓመት ከሙዚቃ ከ20,000 ዶላር በላይ ለማያገኝ ሰው 60 ዶላር ነው፤ 9,000 ብር። (እዚያ የደረሰ ጓደኛ እስካሁን የለኝም።) ትንሹ፣ ትልቁ እያሉ ከፋፍለው አይሸጡትም፤ የፕሮግራሙ መሥሪያ በሙሉ በውስጡ አለ። 60 ቀን በነፃ ይሞከራል።

ክፍያው ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ብር አይቀበሉም፣ ውጭ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። ስለዚህ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ይቸገራል፣ ወይ ሰዉ ፍላሹን ይዞ ኮፒ ቤት ይሄዳል።

ከኮፒ ቤት ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ኤፍኤል ያስጫነ ልጅ ላፕቶፑን አምጥቶልኝ ነበር። ሲጭኑለት «አንቲቫይረሱን አጥፋው» ብለውታል። ምንም ሳይከፈት ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ፍላሹን ስሰካው ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ ቫይረስ ነው። ዊንዶውሱን ከነጭራሹ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩለት። ስንት ሌሊት የለፋባቸው ቢቶች አብረው ሄዱ። ለኮፒ ቤቱም ከፈለ፣ ለእኔም ከፈለ።

«ታዲያ የኤፍኤልን ነፃ ሙከራ ብጠቀምስ?» ትሉ ይሆናል። ቀን አይቆጥርባችሁም፣ ሴቭም ያደርጋል። ሴቭ ያደረጋችሁትን ግን ካልገዛችሁ መልሶ አይከፍትላችሁም። መብራት ድንገት እልም በሚልበት ከተማ፣ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ፣ ይሄ የትም አያደርስም። ሪፐር ላይ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ በየተወሰነ ደቂቃ ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ እዘዙት። መብራቱ ሲመጣ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ዳታ ለሚቆጥርም እፎይታ ነው፦ መጫኛው 20 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። የኤፍኤል ጊጋባይት ገደማ ነው።

ሪፐር ችግር የለውም አልልም። መልኩ ደረቅ ነው፣ ደህና የሚባል ድምፅም ይዞ አይመጣም። ቫይታል እና ሰርጅ የሚባሉትን ሲንቶች (ድምፅ የሚፈጥሩ ፕሮግራሞች) በነፃ አውርዱ። ኪቦርዱን ስትነኩ ድምፁ ዘግይቶ ከመጣ ኤሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን የድምፅ ድራይቨር ጫኑ፣ እሱም ነፃ ነው።

ለመማር በችክችካ ጀምሩ። ኤፍኤልን ስትከፍቱ 16 ሳጥን ተደርድሮ ይጠብቃችኋል፤ ለአራት ምት የተሠራ ነው። ጀማሪው ችክችካውን እዚያ ላይ ሊያስገባ ሲታገል ምቱ ይሰበርበታል። መቀየር ይቻላል፣ ግን የት እንደሆነ ማን ነገረው? ሪፐር ላይ ከቴምፖው (ከፍጥነቱ) አጠገብ የችክችካውን ምት 6/8 ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ከዚያ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ላይ ብቻ እየተጫወታችሁ የትዝታ ሜጀር ዜማ ሞክሩ።

ኤፍኤልን የምመክረው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፦ መዝፈን የማይፈልግ፣ ቢት ብቻ የሚሠራ፣ የሚከፍልለት ዘመድ ያለው። አንዴ ከተገዛ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ዕድሜ ልክ በነፃ ይመጣል፤ ዩቲዩብ ላይም ማስተማሪያው የትየለሌ ነው። ኤብልተንን መድረክ ላይ በቀጥታ መጫወት ስትጀምሩ እናወራበታለን።