ለደረቅ ቆዳዬ ብዬ በደረቁ ተላጨሁ፣ እናንተ እንዳትላጩ

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ፣ ረዘም ትላለች ግን እኔ የከፈልኩበትን እናንተ በነጻ ነው የምታገኙት። የፊት ክሬም ነው ነገሩ። ስሙን አልጠራውም፣ ብጠራውም አይጠቅማችሁም፣ ሰው ሲነቃበት በሌላ ስም ነው የሚመጣው። ወርቃማ ክዳን ያለው ከባድ የመስታወት ዕቃ ነው፣ ፊት ለፊቱ ላይ ኮላጅን፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ 24 ካራት ወርቅ ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት፣ ስታነሱት ራሱ ውድ ውድ የሚል።

እኔ ቆዳዬ ደረቅ ነው፣ ታጥቤ ሳልቀባ አስር ደቂቃ ከቆየሁ ፊቴ ይወጠራል፣ አፍንጫዬ ግራና ቀኝ አመድ የነሰነሱበት ነው የሚመስለው። ሻጯን ስጠይቃት "የኔ ቆንጆ፣ በሶስት ቀን ነው ድርቀት የሚባል ነገር የምትረሺው፣ እንደ ተራ ሎሽን ላይ ላዩን አይደለም፣ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሰራው" አለችኝ። አፏ ቅቤ ነው። እኔም ከምቀባው ሎሽን ስድስት እጥፍ ከፍዬ ገዛሁ፣ ስድስት እጥፍ! ሁለት ሳምንት ጠዋት ማታ ተቀባሁት። የመጀመሪያዋን አንድ ሰዓት ለስለስ ይላል፣ ሽታውም አሪፍ ነው፣ ከዛ በቃ ያው ፊቴ ነው፣ ጭራሽ ጉንጬን ማቃጠልና ማሳከክ ጀመረኝ።

አንድ ቀን ተናድጄ ካርቶኑን ሳገላብጥ ከኋላው የተለጠፈ ስቲከር አለ፣ በጥፍሬ ላጥኩት፣ ለካ ከስሩ የኢንግሪዲየንቱ ዝርዝር ቁጭ ብሏል። ውሃ፣ ግሊሰሪን፣ ሚኔራል ኦይል፣ ሴቲል አልኮል፣ ዳይሜቲኮን፣ ፊኖክሲኢታኖል፣ ፓርፉም (ሽቶው ማለት ነው)፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እነ ሶዲየም ሃያሉሮኔት (ሃያሉሮኒኩ ማለት ነው)፣ ኮላጅን፣ ጭራው ላይ ደግሞ ወርቅ። ሮጬ የድሮ ሎሽኔን አመጣሁና ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ አንድ ናቸው፣ ቅደም ተከተሉ ራሱ አልተለየም!! ስድስት እጥፍ የከፈልኩት ለክዳኑ ነበር ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ዝርዝሩ ዝም ብሎ የተደረደረ እንዳይመስላችሁ፣ በአውሮፓም በአሜሪካም ህጉ የሚለው በክብደት ብዙ የገባው ቀድሞ ይጻፍ ነው፣ ከ1 በመቶ በታች የሆኑትን ግን አምራቹ እንደፈለገ መደርደር ይችላል። 1 በመቶው የት ጋ እንደሆነ አይጻፍም ግን መላ አለው። ፊኖክሲኢታኖል የሚለውን ፈልጉ፣ ክሬሙ እንዳይበላሽ የሚገባ ነገር ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ከ1 በመቶ በላይ ማስገባት አይፈቀድም፣ ስለዚህ ህጉን የጠበቀ ዕቃ ከሆነ ከሱ በኋላ የተጻፈ ሁሉ ከ1 በመቶ አይበልጥም። የኔዎቹ ጉደኞች እንደፈለጉ መደርደር እየቻሉ ኮላጅኑን ከሽቶው እንኳን አላስቀደሙትም፣ እሱ ነው ያሳቀኝ።

እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽ መግባቱ ብቻውን ሌብነት አይደለም። ሃያሉሮኒክ አሲድ ድሮም በትንሹ ነው የሚገባው፣ ሲበዛ ዝልግልግ ይላል፣ ሴራማይድም (ቆዳችን ውስጥ ያለ የስብ አይነት ነው) በትንሹ ይሰራል። እኔን ያበሸቀኝ ሌላ ነው። ሃያሉሮኒክ የሚሰራው ስራ በመሰረቱ ግሊሰሪን የሚሰራውን ነው፣ ውሃ ስቦ መያዝ። ግሊሰሪን ደግሞ ርካሽ ነው፣ ሞለኪዩሉም ትንሽ ስለሆነ የላይኛው ቆዳ ውስጥ ይዘልቃል፣ ትልቁ ሃያሉሮኒክ ግን አብዛኛው ከላይ ነው የሚቀረው። በአንዱ ስም እየከፈላችሁ በሌላው ነው የምትለሰልሱት።

ሞይስቸራይዘር (ቆዳ ማርጠቢያ) ሲፈታ ሶስት ስራ ነው ያለው። ውሃ የሚስቡ አሉ፣ እነ ግሊሰሪን፣ ዩሪያ፣ ሃያሉሮኒክ። የተሰነጣጠቀውን ሞልተው የሚያለሰልሱ አሉ፣ ሺያ በተር፣ ስኳሌን፣ ሴቲል አልኮል። ከላይ ሸፍነው ውሃው እንዳይተን የሚያደርጉት ደግሞ ቫዝሊን፣ ሚኔራል ኦይል፣ ዳይሜቲኮን፣ ሰም ናቸው። ቫዝሊንን ሰው ይንቀዋል፣ የነዳጅ ዝቃጭ ነው ምናምን ይባላል፣ ለመዋቢያ የሚሆነው ግን የተጣራ ነው፣ ሮበርት ቼዝብሮ የሚባል ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1872 ፓተንት ካወጣበት ጀምሮ አለ፣ እስካሁንም ውሃ በመያዝ እሱን የሚበልጥ ማግኘት ከባድ ነው። ክፋቱ ይወዛል፣ ደግሞ ራሱ ውሃ አይሰጥም፣ ያለውን ነው የሚከድነው። ሻጯ "ፊትሽን በደንብ አድርቀሽ ተቀቢው" ብላኝ ነበር፣ ተገላቢጦሽ እኮ ነው፣ ታጥባችሁ ቆዳው እርጥብ እንዳለ ነው የሚቀባው፣ ምን ይከደን ታዲያ?

ጨመር አድርጌ ልክፈል የሚል ሰው ካለ ሴራማይድ ያለበትን ይፈልግ። የላይኛው ቆዳችን ሴሎች መሀል ካለው ስብ ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ፣ ስለዚህ እሱን መጨመር ትርጉም አለው። ዩሪያም አሪፍ ነው ግን ቁጥሩን እዩ፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያለው ለማርጠብ ነው፣ ከ20 በላይ ያለው የደደረ ቆዳ ለማሳሳት፣ ለተረከዝ ነው እንጂ ለፊት አይሆንም፣ የተሰነጠቀ ቦታ ላይም ያቃጥላል።

ኮላጅንን (ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን ነው) በተመለከተ፣ ቆዳን አልፎ ለመግባት የሞለኪዩል ክብደት ከ500 ዳልተን በታች ቢሆን ይመረጣል ይባላል፣ ሙሉው ኮላጅን 300,000 አካባቢ ነው። በመርፌ ቀዳዳ ግመል። ከላይ ተቀምጦ ትንሽ ውሃ ይይዝ ይሆናል፣ ውስጥ ገብቶ የቆዳን ኮላጅን ይተካል የሚባለው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወርቁን እለፉት፣ ለማብለጭለጭ ነው።

አልኮል የሚለውን አይታችሁ ደግሞ እንዳትደነግጡ፣ እኔ ድሮ አንድ ጥሩ ክሬም ሴቲል አልኮል አለበት ብዬ ለሰው ሰጥቼዋለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሴቲል፣ ስቴሪል፣ ሴተሪል የሚባሉት እንደ ስብ ያሉ ናቸው፣ ያለሰልሳሉ። ቆዳ የሚያደርቀው አልኮል ዲናት የሚለው ነው፣ እሱም ዝርዝሩ አናት ላይ ሲሆን። ጉንጬን ያቃጠለኝ ሽቶው ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠርጥሬያለሁ፣ ስተወው ለቀቀኝ። ቆዳችሁ ቁጡ ከሆነ ከሽቶ ነጻ የሚለውን ፈልጉ፣ "ሽታ የሌለው" የሚለው አንዳንዴ ሽታ ለመሸፈን ሽቶ የገባበት ነው፣ ቃሉ ይመሳሰላል ነገሩ ግን ይለያያል።

ይሄን ሁሉ ይዤ ሻጯ ጋ ጻፍኩ፣ የሁለቱንም ዝርዝር ፎቶ አንስቼ ላኩላት። መጀመሪያ "ውዴ ቆዳሽ እስኪለምደው ነው" አለችኝ፣ ስቲከሩን ለምን እዛ ላይ እንደለጠፈችው ስጠይቃት ጆሮ ዳባ ልበስ፣ በነጋታው ብሎክ።

የኔ እንኳን ዝርዝር ነበረው፣ ተሸፍኖም ቢሆን። ጭራሽ ዝርዝር የሌለው፣ በትንሽ ዕቃ ተገልብጦ የሚሸጥ፣ በዛ ላይ በሳምንት ያቀላል የሚባል ክሬም ካጋጠማችሁ በነጻም እንዳትቀበሉ። እንደዛ አይነቶቹ ውስጥ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን (ቆዳ የሚያቀላ ኬሚካል)፣ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ሀይለኛ ስቴሮይድ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ስቴሮይዱ ያለ ሀኪም ሲቀባ ቆዳ ያሳሳል። ካሎሜል፣ ሜርኩሪክ፣ ሜርኩሪዮ የሚል ቃል ካያችሁ ያው ሜርኩሪ ነው።

እንግዲህ ልትገዙ ስትሉ የጀርባውን ፎቶ ላኪልኝ በሏት፣ ስቲከር የሌለበትን፣ እና ቤት ካለው ሎሽናችሁ ጋር የመጀመሪያዎቹን አምስት አስተያዩ። ፊት ለፊቱን ደጋግማ ከላከችላችሁ መልሱን አገኛችሁ። የኔውን ተረከዜን እየቀባሁት ነው ልጨርሰው የያዝኩት፣ ከላዩ ቫዝሊን ደርቤ፣ ካልሲ አድርጌ። ተረከዜ 24 ካራት ሆኗል።