ለዋና ከሆነ ላንጋኖ፣ ቅዳሜን ግን እለፉት

አዲስ አበባ ባሕር የላትም፤ ስለዚህ እኛ «ቢች እንሂድ» ስንባባል ሐይቅ ማለታችን ነው። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። አንዱ ቢሾፍቱ ይላል፣ ሌላው ላንጋኖ፣ ከመሃል ደግሞ ሶደሬን የሚያነሳ አይጠፋም። እኔ ክርክሩ ሰልችቶኛልና በአጭሩ ልዝጋው። ልብስ አውልቃችሁ ውሃ ውስጥ መግባት፣ አሸዋ ላይ መጋደም፣ ልጆቹ ባልዲ ይዘው ሲቆፍሩ እንዲውሉላችሁ ከፈለጋችሁ ሂዱ ላንጋኖ።

ሌሎቹን ለምን እንደተውኳቸው ቶሎ ልበል። ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ግን አብዛኞቹ ሐይቆቿ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ዳራቸው ገደል ነው። እዚያ የምትከፍሉት ለእይታውና ለመዋኛ ገንዳው ነው። ሶደሬም ፍል ውሃው ግሩም ነው፣ ግን እሱም ገንዳ ነው። ወንጪ ዓይን ያጠግባል፤ 3,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለ ውሃ ውስጥ ግን የሚዘል ጀግና ይዝለል፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ አያለሁ። ባቱም (የዱሮዋ ዝዋይ) ሐይቅ አለ፣ ቢልሃርዚያ ስላለበት ዋናው ይቅርባችሁ፣ አሳው ላይ ግን እመለስበታለሁ።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ ያለው ክፍል ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው ቀሏል። ከቱሉ ዲምቱ ተነስታችሁ በአዳማው የፍጥነት መንገድ ሞጆ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ እስከ ባቱ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃል፣ ቃሊቲ ላይ ካልተያዛችሁ። ከተያዛችሁ የራሳችሁ ዕጣ ነው። መኪና የሌለው ሰው ከቃሊቲ መናኸሪያ በሻሸመኔ ወይም በሐዋሳ መኪና ሄዶ መገንጠያው ላይ መውረድ ይችላል፤ ከአስፋልቱ እስከ ሐይቁ ዳር ያለውን አቧራማ መንገድ ግን በሞተር ወይም በባጃጅ ትጨርሱታላችሁ፣ ሂሳቡን ሳትነጋገሩ እንዳትወጡ። እና ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ፣ ሎጁ ጋ ደውሎ «ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?» ማለት ምንም አያስከፍልም።

አሁን ወደ ውሃው። ቡናማ ነው። ፎቶ ላይ ሰማያዊ መስሎ ያያችሁት የፎቶው ጉዳይ ነው፣ በአካል ሲታይ ሻይ በወተት ነው የሚመስለው። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ሲያየው ጫማውን እንዳደረገ ቆሞ «አክስቴ፣ ይሄ ውሃ ልብስ ታጥቦበታል እንዴ?» አለኝ። ሁሉም አዲስ ሰው ይህንኑ ነው የሚያስበው፣ እሱ ጮክ ብሎ ጠየቀ እንጂ። ቀለሙን የሚሰጠው በጣም ደቃቅ የሆነ አፈር ነው፣ ሳይዘቅጥ ውሃው ውስጥ ተበትኖ ይኖራል። ውሃው ትንሽ የሶዳነት ጠባይም አለው፣ ከወጣችሁ በኋላ ቆዳችሁን ወጠር ያደርገዋል፣ ስለዚህ ቅባት ያዙ። ነጭ የዋና ልብስ ያለው ሰው ደግሞ ቤቱ ይተወው።

ያ ቀለም ካላስቀየማችሁ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው። ላንጋኖ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆን የታወቀ ነው፣ ሰዉ ከትውልድ ትውልድ ሲዋኝበት የኖረውም ለዚህ ነው። የወላጆቻችን ላንጋኖ ማለት በቀለ ሞላ ሆቴል ነበር፣ አልበማቸውን ብትገልጡ አፍሮ ያበጠረ አጎት በቁምጣ ቆሞ አታጡም። የሐይቁ ከፍታ ወደ 1,600 ሜትር ስለሚጠጋ ከሸገር ብርድ ለወጣ ሰው ሙቀቱ ልክ ነው፣ ውሃውም አያንዘፈዝፍም። በብዙ ቦታ ዳሩ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፤ ትልቅ ሰው ረጅም ርቀት እየተራመደ ሄዶ ውሃው ገና ወገቡ ላይ ነው። ይህ ግን አያታልላችሁ፣ መሃሉ ከ45 ሜትር በላይ ይጠልቃል። እኛ ያረፍንበት ቦታ ደግሞ ዋናተኛ የሚጠብቅ ሰው ቀርቶ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ እንኳን አላየሁም። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚከራየው መቆለፊያው የተሰበረ ነው የሚሆነው።

ሰዓቱን ማወቅ ወሳኝ ነው። ጠዋት ሐይቁ ዝም ይላል። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉ ይመጣል፣ አሸዋው ሳህናችሁ ላይ ይሰፍራል። ብዙ ሰው ከአዲስ አበባ አርፍዶ ተነስቶ 8 ሰዓት ላይ ይደርስና ነፋሱን አይቶ «ላንጋኖ ይሄው ነው?» ብሎ ያማርራል። ወንድሜ፣ ላንጋኖን ያየው በማለዳ የተነሳ ሰው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በምሥራቅ በኩል ከአርሲ ተራሮች ጀርባ ፀሐይ ብቅ ስትል ውሃው ውስጥ ሁኑ፣ ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ 5 ሰዓት ውሃ። ከሰዓት በኋላ ግራር ሥር ካርታ መጫወት ነው።

ማረፊያውን በተመለከተ እጄን ዘርግቼ የማመሰግነው ቦታ የለኝም። ያደርንበትን ሎጅ ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም የነገረኝ ሁሉ ሌላውም ጋ ያው ነው ይላል። ጎጆው ከውጭ ሲታይ ያምራል፣ በረንዳው ሐይቁን ያያል። ውስጥ ስትገቡ አጎበሩ ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳውን አንድ ደግ ሰው ቋጥሮታል፣ ቋጠሮው አጠገብ ሌላ ቀዳዳ አለ። አካባቢው ወባ ያለበት ነውና ይህ የቀልድ ነገር አይደለም፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ሳትይዙ አትሂዱ። ሙቅ ውሃው ማታ ይመጣል ተባልን፣ ማታ ደግሞ ጠዋት ይመጣል ተባልን። ዋጋውም በስልክ የነገሩኝ አንድ ነው፣ ስንደርስ ሌላ። እንግዳ ተቀባይዋ ፈገግ ብላ «ይቅርታ እህቴ፣ እሱ እኮ ቫቱንና ሰርቪስ ቻርጁን ሳይጨምር ነው» አለችኝ። 15 በመቶ ቫት ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲደመር ለአንድ ተጨማሪ ምሳ የሚበቃ ብር ነው። ስትደውሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ከኪሴ የሚወጣው የመጨረሻው ብር ስንት ነው?» በሉ። ከውጭ የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ ደግሞ የነዋሪና የውጭ ዜጋ ዋጋ ይለያይ እንደሆነ እዚያው አጣሩ፣ ግቢው በር ላይ ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

ቁርስ እስከ 4 ሰዓት ይላል ወረቀቱ። እኛ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ እንቁላል አልቋል፣ ዳቦው አልቋል፣ የቀረው ሐብሐብ ነው። አስተናጋጁ ግን ልጁ ሲያኮርፍ አይቶ ከኩሽና የራሱን ፍርፍር ይዞለት መጣ፣ «ብላ ጎረምሳው፣ የዋና ጉልበት ይሆንሃል» ብሎ። ቤቱ በአሠራር ዜሮ ነው፣ በሰው ግን ሙሉ ማርክ።

ለዚህ ነው የእኔ ምክር ድንኳን የሚሆነው። በዳሩ ድንኳን ተክሎ ማደር ላንጋኖ ላይ የቆየ ልማድ ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ ቦታ የሚያከራዩ አሉ፣ ጥበቃ አለ፣ ሽንት ቤትና ሻወር ትጠቀማላችሁ፣ ለጎጆው ከምትከፍሉት በእጅጉ ይቀንሳል። ያው ጎጆ ውስጥም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የምትታጠቡት። ማደር የማይፈልግ ደግሞ የቀን መግቢያ ከፍሎ ውሎ መመለስ ይችላል። ዛፍና ወፍ ለሚወድ፣ ጸጥታ ለሚፈልግ፣ በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ያሉት ይሻሉታል፤ ጫካ አለ፣ ጉሬዛ አለ፣ ግን መንገዱ ጥርጊያ ነውና ዝቅ ያለች ቪትዝ ይዛችሁ አትሞክሩት።

ቅዳሜን ለምን ጠላሁ? ምክንያቱም ቅዳሜ የመሥሪያ ቤቶች ቲም ቢልዲንግ ነው። በዚህ በኩል አንድ ባንክ ባለ ሁለት ሜትር ስፒከር ተክሏል፣ በዚያ በኩል ሌላ ድርጅት ገመድ ይጎትታል፣ መሃል ላይ ልደት አለ፣ ሦስቱም ዘፈን በአንድ ላይ ነው የምትሰሙት። ጄት ስኪው ደግሞ ዋናተኛው መሃል ገብቶ ይዞራል። ጭፈራ የሚወድ ሰው ይደሰትበታል፣ አልፈርድም፤ እኔ ግን ለዝምታ ከፍዬ ስፒከር መስማት አልፈልግም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ፈቃድ መውሰድ ከቻላችሁ ሐይቁ የእናንተ ብቻ ነው፣ ዋጋውም ለድርድር ይመቻል።

ምግብ። ሎጁ ውስጥ አሳ አትዘዙ፤ ዋጋው ይንራል፣ ሲመጣም ደርቆ ነው። በመመለሻችሁ ባቱ ግቡና ቆሮሶ ብሉ። ሙሉውን ነው የሚጠበሰው፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ጅራቱና ክንፉ ቅጭ እስኪል ድረስ። በዳቦ ወይም በእንጀራ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ከጎኑ አረንጓዴ ዳጣ። ሹካ የሚባል ነገር አትጠይቁ፣ በእጃችሁ ከአጥንቱ እየላጣችሁ ነው የምትበሉት፣ ዳጣው ዓይናችሁን ያስለቅሳል፣ እናንተ ግን አታቆሙም። ሐይቁ ዳር ብትወርዱ አሳ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ጭንቅላትና አንጀት አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ በሰልፍ ቆሞ ሲጠብቅ ታያላችሁ። ልጆቹ ከጄት ስኪው ይልቅ እሱን ነው ያወሩት።

ግማሽ ቀን ትርፍ ካላችሁ አብጃታ ሻላ ፓርክ እዚያው አጠገብ ነው፤ ሰጎን ከበሩ ሳትርቁ ታያላችሁ፣ ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው፣ ዳሩ ላይ ፍል ውሃ ይንተከተካል። አብጃታ ግን ያሳዝናል። የላንጋኖ ውሃ በሆራ ከሎ ወንዝ በኩል ወደ እሱ ነው የሚፈስሰው፣ ሆኖም ሐይቁ በጣም ሸሽቷል፣ ዱሮ ውሃ የነበረበት ሜዳ ነጭ ሆኖ ተሰንጥቋል። ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዛችሁ ግቡ፣ ከመኪና ሳትወርዱ ከመዞርም በእግር ትንሽ ሂዱ።

ለማን ነው እንግዲህ? ለቤተሰብ፣ ድንኳን ለሚወዱ ጓደኛሞች፣ በማለዳ ለሚነሳ ሰው። የሆቴል ምቾት ለሚፈልግ አይደለም፣ የጫጉላ ሽርሽር ላይ ያለ ሰው ያንን አጎበር ማየት የለበትም። ለውሃውና ለአሸዋው ከአምስት አምስት፣ ለማረፊያው ሁለት፣ እሱም ለአስተናጋጁ ስል ነው።

መመለሻውን በተመለከተ፦ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሐብሐብ መግዛት ከፈለጋችሁ ከባቱ እስከ መቂ በአሮጌው መንገድ ውጡ፣ ዳር ዳሩን ደርድረው ይሸጣሉ፣ ከአዲስ አበባ ዋጋ ጋር አይገናኝም። ጋሪና ከብት ስላለ ግን አትፍጠኑ። እሁድ ከሆነ ከ7 ሰዓት በፊት ተነሱ፤ ከዚያ ካለፈ ቱሉ ዲምቱ ክፍያው ጋ የሚጠብቃችሁ ሰልፍ ላንጋኖን በአንድ ጊዜ ያስረሳችኋል።