ሦስት ወር በእንግድነት፦ የካልሲየም ቻናል ቤተ ሙከራ እንዴት ነው?

ሰባት ዓመት ለሕክምና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ ሳስተምር ካልሲየም ወደ ሕዋስ የሚገባበትን በር፣ የካልሲየም ቻናልን፣ በሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬያለሁ፤ ሁለት መስመር፣ በመካከላቸው ቀዳዳ፣ በቀዳዳው የምትገባ አንዲት ቀስት። ሲከፈትና ሲዘጋ ግን ለክቼ አላውቅም። ባለፈው ዓመት በጀርመን አገር የነርቭ ሕዋስ የካልሲየም ቻናሎችን የሚያጠና የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ለሦስት ወር ተቀበለኝ። የምወቅሰው ነገር ስላለ ስሙን አልጠራም።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቦታ በተጨመቀ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ከባድ ጠረጴዛ፣ ማይክሮስኮፕ፣ አምፕሊፋየርና ሁሉንም የሚከልል የብረት ጎጆ አለው። ጎጆው ከውጭ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሁካታ ይከላከላል። አንድ ቀን የ50 ኸርዝ ሞገድ ስክሪኑን አበላሸውና ግማሽ ቀን ስንፈልግ ቆይተን ጥፋተኛው እዚያው ጎጆ ውስጥ የተረሳ የመብራት ገመድ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ውድ መሣሪያ የሚሰማው ደግሞ በአንዲት ቀጭን የብር ሽቦ በኩል ነው። ሽቦዋ የብር ክሎራይድ ሽፋን እንድትይዝ በረኪና ውስጥ ተነክራ እስክትጠቁር ትቆያለች። በረኪና! ወለል የምናጥብበት! እውነቱን ለመናገር ይህን ሳይ ቅናቴ ትንሽ በረደልኝ።

የመለኪያው ዘዴ ፓች ክላምፕ ይባላል፤ ሳይንቲስቶቹ ኤርዊን ኔኸርና በርት ዛክማን እ.ኤ.አ. በ1976 ያስተዋወቁትና በ1991 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ነው። የብር ሽቦዋን የያዘ፣ ጫፉ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ ፒፔት የሚባል ቀጭን የመስታወት ቀሰም ወደ ሕዋሱ ይጠጋል። ወደ ፈሳሹ ሲገባ በቱቦ እፍ ይባላል፤ ሕዋሱን ሲነካ እፍታው ይቆምና በቀስታ ይሳባል። እናቴ ከሰል ስታያይዝ ያላት ልክ ያስፈልጋል፤ ሲበዛ አመዱ ይቦናል፣ ሲያንስ ፍሙ ይጠፋል። መስታወቱና ሕዋሱ በትክክል ከተጣበቁ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ እንዳያመልጥ የሚያግደው ሬዚስታንስ ከአንድ ቢሊዮን ኦም በላይ ይወጣል። እኔ እዚያ ለመድረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ።

ያልጠበቅሁት ነገር፣ የካልሲየም ቻናል ሲለካ ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ በባሪየም መተካቱ ነው። የገባው ካልሲየም ራሱ ቻናሉን መልሶ ያዘጋዋል፤ ባሪየም ግን ይህን እምብዛም ስለማያደርግ ፍሰቱ ጎልቶና ረዘም ብሎ ይታያል። ይህን ለአንድም ተማሪ ነግሬ አላውቅም ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሕዋሱን ከ80 ሚሊቮልት ኔጌቲቭ ወደ ዜሮ ሳዘልለው በስክሪኑ ላይ ፍሰቱን የሚያሳየው መስመር ወደ ታች ሰመጠና ቀስ ብሎ ተመለሰ። ቀስቴ ይህች ናት ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ወቀሳዬ ወደ ማስተማሩ ነው። የዶክትሬት ተማሪዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በፍጥነት አሳይተው ይሄዳሉ፣ የቀረውን ፒፔት እየሰበሩ መማር ነው። ከአይጥ የስሜት ነርቮች የሚወሰዱት ሕዋሳት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይዘጋጃሉ፤ ያ ካመለጠ መጠበቅ ነው። የሐሙሱ ስብሰባ በእንግሊዝኛ ይጀመራል፣ ክርክሩ ሲጋጋል ወደ ጀርመንኛ ያመልጣል፤ ዋናው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ የሚነገረው ያኔ ነው።

ሆኖም ከእነዚያ ስብሰባዎች አንዱን አልረሳውም፤ ወሬው ለነርቭ ሕመም ስለሚሰጠው ጋባፔንቲን ስለተባለው መድኃኒት ነበር። ጋባፔንቲን የተሠራው ጋባ የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ እንዲመስል ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን የሚያርፈው አልፋ2ዴልታ በሚባለው የካልሲየም ቻናሉ አጋዥ ክፍል ላይ መሆኑ ታወቀ። አክስቴ ስኳር ላመጣባት የእግር ማቃጠል የምትውጠው ይህንኑ ነው። ማታ ደውዬ በኩራት ሳስረዳት፣ «ታዲያ ለምን ያስተኛኛል?» አለችኝ። በማግስቱ ጥያቄዋን ለቡድኑ አቀረብሁ፤ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ መልስ ሰጡኝ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ፤ አንዱን የቀነስሁት ለተሰበሩት ፒፔቶች ነው። የምትሄዱ ካላችሁ፣ ለእንግዳ የሚተርፈው የማታ ተራ ነውና አትከራከሩ። እኔ ሁለት ሳምንት አኩርፌ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ሊፍት ሲያርፍ ፒፔቱ መንቀጥቀጡን ይተዋል።