ከ40ኛ እስከ 1ኛ፦ ለኬሲ ኬሰም ምስጋና፣ ቆጠራ ለምታቀርቡ ጥቆማ

በኤፍኤም የሳምንቱን ዘፈኖች በደረጃ ለማቅረብ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ማይክ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት አሜሪካዊውን የሬዲዮ አቅራቢ ኬሲ ኬሰምን ስሙት። የሳምንቱን 40 ዘፈኖች ከ40ኛ ወደ 1ኛ የሚቆጥረውን «አሜሪካን ቶፕ 40»ን እ.ኤ.አ. በጁላይ 1970 ጀመረ፤ በ1988 ለቅቆ በ1998 ተመለሰ፤ በ2004 ወንበሩን ለራያን ሲክረስት አስረከበ። ከቀሩት የቆጠራ ፕሮግራሞቹ ጡረታ የወጣው በጁላይ 2009 ነው። በ2014 አርፏል። ምስጋናችን ለድምፁ ብቻ አይደለም፤ ድምፅማ ብዙ ሰው አለው። ፕሮግራሙ ተፈታትቶ ሲታይ እያንዳንዱ ብሎን ቦታው ላይ ነው፣ ለዚያ ነው የምናመሰግነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ፕሮግራሙ ሲጀመር ርዝመቱ 3 ሰዓት ነበር። 40 ዘፈን በ3 ደቂቃ 120 ደቂቃ ይሆናል፤ ለወሬና ለማስታወቂያ 60 ይተርፋል። ዘፈኖቹ እየረዘሙ ወደ 4 ደቂቃ ሲጠጉ ግን 160 ደቂቃ ወሰዱ። እየቆራረጡ ማጫወቱም ስላላዋጣ በኦክቶበር 1978 ወደ 4 ሰዓት አሳደጉት። የእኛ ዘፈን ደግሞ 4 ደቂቃ ተኩል፣ 5 ደቂቃ መሄዱ የተለመደ ነው። በ1 ሰዓት 20 ዘፈን እቆጥራለሁ የሚል ሰው ከወዲሁ ይተወው። 10 ዘፈን 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ ማስታወቂያው 8 ደቂቃ ከሆነ ለአቅራቢው የሚቀረው 7 ነው፣ ለአንድ ዘፈን 40 ሰከንድ ገደማ። ኬሲ በዚያች 40 ሰከንድ ሙሉ ታሪክ ይነግራል።

እንዴት? የዘፋኙን ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ጥያቄውን ከማስታወቂያ በፊት ይጥላል፣ መልሱን ከማስታወቂያው በኋላ ያመጣል፣ ስሙ ከአፉ እንደወጣ ዘፋኙ ይገባል። ይህ እንዲሠራ የዘፈኑን መግቢያ በሰከንድ መለካት ያስፈልጋል። መግቢያው 15 ሰከንድ ከሆነ ተረጋግቶ ለሚያነብ ሰው 25 ቃል ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ዘፋኙ ላይ ማውራት ነው፤ አድማጭ ደግሞ ይህን ይቅር አይልም።

ደረጃውን ራሱ አያወጣም ነበር፤ ለረጅም ዓመታት የሚቆጥረው ቢልቦርድ የተባለውን የሙዚቃ መጽሔት ሰንጠረዥ ነው። እናንተም ምንጫችሁን በየሳምንቱ ተናገሩ። በስልክ ጥሪ ብቻ ከሆነ የአንድ ዘፋኝ አድናቂዎች ተጠራርተው 1ኛ ያደርጉታል።

ፕሮግራሙ በሸክላ ታትሞ ነበር ለጣቢያዎቹ የሚላከው። አንዱ ገጽ ከቦታው ከተዛወረ 30ኛው ከ20ኛው በኋላ ይመጣል። ዛሬ ሸክላው ቀርቷል፣ ስህተቱ ግን በፋይል ስም ተመልሶ ይመጣል፦ «1፣ 2፣ 3» ብላችሁ ከሰየማችሁ አንዳንዱ ማጫወቻ 10ን ከ1 ቀጥሎ ያስቀምጠዋል። 01፣ 02 ብላችሁ ጻፉ።

በ1985 ስለ ሞተ ውሻ የተጻፈ የአድማጭ ደብዳቤ ከፈጣን ዘፈን ቀጥሎ እንዲያነብ ተሰጠው። ስቱዲዮ ውስጥ የተናደደበት ቅጂ ሾልኮ ወጥቶ እስካሁን ይዘዋወራል። ሰው የሚስቀው በስድቡ ነው፤ ቅሬታው ግን ትክክል ነበር። ከጭፈራ ወደ ሐዘን በአንድ ትንፋሽ አይገባም። መሐል ላይ ማስታወቂያ ወይም ለስለስ ያለ ዘፈን አስገቡ፤ ያም ካልተቻለ ደብዳቤውን ለሌላ ሰዓት አቆዩት።

የድሮ ፕሮግራሞቹን አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ጣቢያዎች ቅዳሜና እሁድ መልሰው ያሰራጫሉ። ሌላ አገር ያላችሁ ቁርጥራጮቹን ዩቲዩብ ላይ ታገኛላችሁ። ከ1978 በፊት የነበረ አንድ፣ ከዚያ በኋላ የተሠራ አንድ ምረጡ። ወረቀትና ሰዓት ይዛችሁ፣ ወሬውን የጀመረበትንና ስሙን የጠራበትን ሰከንድ እየጻፋችሁ አዳምጡ።