«አብሽሪ፣ ስልክሽ ላይ እንዳየሽው ነው የሚወጣው» ካሏችሁ ቀብዱን እንዳትከፍሉ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ሰርግ የደገሳችሁ ወይም ለሱቃችሁ ባነርና ስቲከር ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ይችን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። እኔ የሚነግረኝ አጥቼ ነው የተበላሁት።

የእህቴ ሰርግ ከኢድ በኋላ ነበር የተቆረጠው። ሸማኔው የቀሚሷን ጥለት በሮያል ብሉ ሠራው፤ እንዴት ያለ ሸጋ ሰማያዊ መሰላችሁ! የሚዜዎቹም ነጠላ በዚያው ክር ተሠራ። እናታችን ደግሞ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። «መጥሪያ ካርዱም ከጥለቱ ጋር አንድ ይሁን» አለች። እሺ ብዬ ከተማችን ደሴ ውስጥ ወዳለ አንድ የዲዛይንና የህትመት ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ አሠራሩ የእሱ ብቻ አይደለምና።

ውላችን እንዲህ ነበር፦ 300 ካርድ፣ አንዱ 45 ብር፣ በድምሩ 13,500። ከዚህ ውስጥ 10,000 ቀብድ። ዲዛይኑን በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ እኔ አይቼ «ይታተም» እላለሁ፣ በቃ። «ቀለሙስ?» አልኩት ልጁን፣ ጥለቱ የተሠራበትን ክር ከቦርሳዬ አውጥቼ። ክሩን ዞር ብሎም አላየው። «አብሽሪ እህቴ፣ ስልክሽ ላይ እንዳየሽው ነው የሚወጣው። ፎቶውን ላኪልን፣ ይበቃል።» ወሏሂ ያን ጊዜ ክሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ብወጣ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ ጥለቱን በአምፖል ብርሃን ፎቶ አንስቼ ላክሁ። እነሱ ደግሞ ቀለሙን ከዚያው ፎቶ ላይ ቀዱት። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ከምሽቱ ላይ ዲዛይኑ ስክሪንሾት ሆኖ መጣልኝ። ተኝቼ ነበር፣ ስልኬም ለዓይን እንዲመች ማታ ማታ ወደ ቢጫ የሚሄደው ሞድ ላይ ነው። እናቴ አየችና «ማሻአላህ» አለች። እኔም «በጣም አሪፍ ነው፣ ይታተም» ብዬ ጻፍኩ።

ካርዱ በስድስተኛው ቀን ደረሰ። ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ታውቃላችሁ? እሱን ነው የሚመስለው። ከጥለቱ ጎን ሳስቀምጠው አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ሐምራዊ። አጎቴ አገላብጠው አዩትና «የሌላ ሰው ሰርግ ካርድ እንዳይሆን የሰጡሽ፣ ስሙን አንብበሻል?» አሉኝ።

ይዤው ተመለስኩ። ልጁ ምንም አልተደናገጠም፤ ስልኩን አውጥቶ «ይታተም» ያልኩበትን መልእክት አሳየኝ። «አጽድቀሻል። ችግሩ የስልክሽ ስክሪን ነው፣ ስክሪን ሁሉ አንድ አይደለም።» ከደረሰኙ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም አነበበልኝ፤ ደንበኛው ካጸደቀ በኋላ ለቀለም ልዩነት ተጠያቂ አይደሉም። ከፈለግሁ በግማሽ ዋጋ እንደገና ያትሙልኛል። እንግዲህ ቀብድ ሲቀበሉኝ ስልኬ መስፈሪያ ነበር፣ ካርዱን ስመልስ ስልኬ ጥፋተኛ ሆነ።

ፋይሉን ለምኜ አስላክሁና በማግስቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። እዚያ ብዙ ዓመት ማተሚያ ላይ የሠራ ዘመድ አለን። ገና እንደከፈተው ሳቀ።

ስልክ ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። ማተሚያ ግን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ቀለም ነው፤ ሲያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈካ ያለ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር፣ ከ0 እስከ 100 በመቶ። ስልኩ ሰማያዊን በቀጥታ ያበራዋል። ከእነዚህ አራቱ ውስጥ ግን እንደ ጥለታችን ያለ ሰማያዊ የለም፤ ሲያንና ማጀንታ ተደራርበው ነው የሚወጣው። ሁለቱ መጠናቸው ከተቀራረበ ማጀንታው ያይልና ነገሩ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። የኔ ካርድ ሲያኑ 100፣ ማጀንታው 95 ነበር! ሥራውን የሚያውቅ ሰው በሁለቱ መካከል ቢያንስ 30 ያህል ልዩነት ይተዋል። እንግዲህ ይህ የስልክ ችግር ነው?

ደግሞ ሮያል ብሉ ብቻ አይደለም። የሚያበራ አረንጓዴ፣ የሚንቦገቦግ ብርቱካንማ፣ እነዚህ ሁሉ ስክሪን ላይ እንጂ በአራቱ ቀለም ወረቀት ላይ እንደዚያ ሆነው አይወጡም። በወርቃማ የምታሳትሙማ በጣም ተጠንቀቁ። ስክሪን ላይ የሚያብለጨልጨው ቢጫና ቡና ዓይነት እየተፈራረቀ ዓይን ሲያታልል ነው፤ ሲታተም ሰናፍጭ ይሆናል። የምር የሚያብለጨልጭ ወርቅ በፎይል (ወረቀቱ ላይ በሚለጠፍ ስስ አብረቅራቂ ንጣፍ) ነው የሚሠራው፣ ዋጋውም ለብቻ ነው። «ጎልድ እናደርግልሻለን» ሲሏችሁ ፎይል ነው ወይስ ቀለም ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ዘመዴ ሦስት ስልክ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፤ የኔን ቴክኖ፣ የሱን ሳምሰንግ፣ የገዛ ልጁን አይፎን። አንድ ፋይል፣ ሦስት ሰማያዊ። አንዱ ቀለም አድምቆ የሚያሳይ ሞድ ላይ ነው፣ አንዱ የማታው ቢጫ ላይ፣ አንዱ እንደ ክፍሉ ብርሃን ራሱን ይቀያይራል። ቴሌግራም ደግሞ ምስልን ፎቶ አድርጋችሁ ስትልኩ ጨምቆና አሳንሶ ነው የሚያደርሰው፤ ፋይል አድርጋችሁ ከላካችሁ ግን እንዳለ ይደርሳል። ስለዚህ ዲዛይን ሲላክላችሁ ፒዲኤፍ ሆኖ፣ በፋይል ይምጣ በሉ። ስክሪንሾት ከላኩላችሁ ጽሑፉን አርሙበት፣ የስም ፊደልና ቀኑን እዩበት። ለቀለም ግን አይሆንም።

ይህ ጣጣ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስክሪንና ማተሚያ በቀለም እንዲግባቡ የቀለም ፕሮፋይል (አንድ መሣሪያ ቀለምን እንዴት እንደሚያሳይ የሚገልጽ ፋይል) ደረጃ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር የተቋቋመው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስክሪኖች የሚስማሙበት መለኪያም በ1996 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ፎቶሾፕ ላይ ኮንትሮልና ዋይ አንድ ላይ ሲጫኑ ቀለሙ ሲታተም ወደምን እንደሚሄድ በግምትም ቢሆን ያሳያል። ሁለት ቁልፍ! የማተሚያ ቤቱ ልጅ ያን ተጭኖ ቢያሳየኝ ኖሮ ሐምራዊው ከመታተሙ በፊት ይታየኝ ነበር። አጠገቡ ቁሙና አስጫኑት። ቁልፉን ካላወቀው ሌላ ቤት ፈልጉ።

እኔ አሁን ባሳትም እንዲህ ነው የማደርገው። ክሩን ወይም ጨርቁን ራሱን ይዤ እሄዳለሁ፣ ፎቶ አልልክም። አንድ ካርድ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ማሽን፣ ላሚኔሽን (የላስቲክ ሽፋን) ካለው ከነላሚኔሽኑ ታትሞ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፤ ቢያስከፍሉኝም በደስታ። «በዚያው ማሽን» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። እዚህ ትእዛዝ ተቀብለው 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ የሚያሳትሙ ቤቶች አሉ፤ ናሙናውን ቢሮ ባለችው ፕሪንተር አውጥተው ቢያሳዩኝ ምን ይጠቅመኛል? ወረቀቱም ለውጥ አለው፤ ሻካራው ቀለም ይጠጣና ያደበዝዛል፣ ለስላሳው ያደምቃል። ከዚያ ናሙናውን በር ላይ አውጥቼ በቀን ብርሃን ከክሩ ጋር አያለሁ፤ ሱቁ አምፖል ሥር አንድ የመሰለ ክርና ቀለም ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሊለያይ ይችላል። ባለሙያዎቹ ቀለም የሚያመሳክሩበት የራሱ የሆነ መብራት አላቸው፣ የብርሃኑ ቀለም 5,000 ኬልቪን የሚባል። እኛ ደግሞ የቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ አለን። ሲስማማኝ ናሙናው ላይ ሁለታችንም እንፈርማለን፣ «ይታተም» የምትለዋ ቃል ከአፌ የምትወጣው ያኔ ነው። ሁለት ወር ቆይታችሁ ድጋሚ ብታሳትሙም ያ ናሙና ያስፈልጋችኋል፣ አትጣሉት።

ሐቁን ለመናገር፣ ጥሩ ማተሚያ ቤትም አለ። ዘመዴ የላከኝ አንድ ቤት ገና ስገባ «ስክሪን ላይ ያየሽውና ወረቀት ላይ የሚወጣው አንድ አይሆንም፣ መጀመሪያ አንድ ፍሬ እናውጣልሽ» አሉኝ። ጊዜ ስላልነበረኝ እንጂ እዚያው አሳትም ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። «ስልክሽ ላይ እንዳየሽው ይወጣል» ትክክለኛ መረጃ ነው? ይህን ይዤ ሦስተኛ ጊዜ ሄድኩና የቀረውን 3,500 አልከፍልም አልኩ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ 1,500 ከፍዬ ወጣሁ። ደረሰኝ ባልይዝ ኖሮ ይህችም አትገኝም ነበር።

ካርዱን ምን እናድርገው፣ ሰርጉ ደረሰ፣ በተንነው። እናቴ ለእያንዳንዱ ሰው «ጥለቱ ግን ሰማያዊ ነው» እያለች ነው የሰጠችው። 20 ያህል ተርፎኛል፤ ከክሩ ጋር አስሬ አስቀምጬዋለሁ። ደሴ ያላችሁ፣ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ «እንዲህ እንዳይሆንብኝ» ብላችሁ የምታሳዩት ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አውሳችኋለሁ። ክሩን ግን መልሱልኝ።