አንድ ቀን በደሴና በሐይቅ፦ የመኪና፣ የአስጎብኚና የምሳ አገልግሎት ግምገማ

ከውጭ አገር መጥቶ ቤተሰቡን ይዞ ደሴን ሊጎበኝ ያሰበ ሰው ገንዘቡን በቅድሚያ ማውጣት ያለበት ለሆቴል ወይም ለመኪና ሳይሆን ለጥሩ አስጎብኚ ነው። የከተማዋ ታሪክ አብዛኛው በሰው አፍ የሚኖር ስለሆነ፣ የሚያወጋለት ሰው ሳይዝ የሚዞር ቤተሰብ ድንጋይና ቆርቆሮ አይቶ ሊመለስ ይችላል። እኛ ከካናዳ የመጣነው እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ስንሆን ኮምቦልቻ የምትኖረው እናቴም አብራን ስለነበረች፣ አንዱ አስጎብኚ በአንድ ጊዜ ለሦስት ትውልድ መናገር ነበረበት።

ስለ መኪናው ብዙ የምለው የለኝም። ሚኒባሱን የተከራየነው ስሙን ከማልጠቅሰው አከራይ ሲሆን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይደርሳል የተባለው ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣ፤ በዚያ ላይ ነዳጅ በዋጋው ውስጥ አልተካተተም የሚል አዲስ ነገር መንገድ ከጀመርን በኋላ ሰማን። ሹፌሩ ግን ጨዋና ጠንቃቃ ነበር፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ልጆቹን እንዳያጥወለውላቸው ቀስ ብሎ ነው ያወጣው። ነዳጁ፣ የሹፌሩ አበልና የመመለሻው ሰዓት በጽሑፍ ካልሰፈሩ በስተቀር ቀብድ መክፈል አይገባም።

አስጎብኚውን ያገኘነው ባረፍንበት ሆቴል በኩል ነው፤ የደሴ ተወላጅና ፈቃድ ያለው ወጣት ነው። መጀመሪያ የወሰደን ወደ አይጠየፍ አዳራሽ ነበር። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ዳገቷ ለለመደውም ቢሆን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ እናቴ መሃል ላይ ስትቆም አስጎብኚው፣ «አብሽሩ እማማ፣ ታሪኩ የትም አይሄድብን፤ አረፍ ብለን እናወጋዋለን» አለና በእግር ሊያዞረን ያሰበውን መንገድ በሙሉ በመኪና አደረገው። ይህን ውሳኔ ማንም ሳይጠይቀው መወሰኑ ብቻውን ክፍያው የሚገባው መሆኑን አሳይቶኛል።

አዳራሹን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፤ መኳንንቱም ሕዝቡም ለግብር የሚቀመጥበት ነበር። አስጎብኚው ግን ከሕንፃው አልጀመረም። የጀመረው አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተ ሰሜን ቦሩ ሜዳ ላይ ካደረጉት ጉባኤ ሲሆን፣ የወሎ ሙስሊም መሳፍንት ክርስትናን እንዲቀበሉ መታዘዛቸውን፣ ከእነርሱም አንዱ የነበሩት መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል መባላቸውን ነገረን። ከዚያ ወደ ልጃቸው ወደ ልጅ ኢያሱ፣ ከልጅ ኢያሱ ወደ ሚካኤል የ1906 ዓ.ም. የንግሥና በዓል፣ ከዚያም ንጉሡ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ወደ ተማረኩበት ጦርነት አሻገረን። ዕቃውን አንድ በአንድ እየጠቆመ ዓመተ ምሕረት ከሚቆጥር አስጎብኚ የሚለየው ይህ ነው፤ አንዱ ነገር ሌላውን እንዴት እንዳመጣ ልጆቹ ሳይቀሩ ተከታትለውታል።

ልጄ መሃል ላይ ገብታ፣ «ታዲያ ንጉሡ በልባቸው ሙስሊም ነበሩ ወይስ ክርስቲያን?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ሙስሊም፣ ባለቤቴ ደግሞ ኦርቶዶክስ በመሆኑ ጥያቄው ለእኛ ቤት የሩቅ አልነበረም፤ ሁላችንም ዝም አልን። አስጎብኚው ለአንዱም ወገን ሳያዳላ፣ በትእዛዝ የተጠመቀና ወዶ የተጠመቀ በአንድ ዓይን እንደማይታይ፣ ንጉሡ ግን በኋላ አብያተ ክርስቲያናትን ያሠሩ ሰው መሆናቸውን አስረዳና፣ «የቀረውን እማማ ይንገሩሽ፤ እንዲህ ያለው ነገር በየቤቱ አለ» ብሎ ቃሉን ለእናቴ ሰጣት። እናቴም ስለ ቅድመ አያቷ እኔ ራሴ ሰምቼው የማላውቀውን አወራች። ከመጽሐፍ ያነበበውን ብቻ የሚደግም ሰው ለእናቴ ቦታ የሚለቅ አይመስለኝም።

በደሴ ሙዚየም የነበረን ቆይታ አጭር ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ በደረሰ ጊዜ ሙዚየሙ ተዘርፎ ብዙ ቅርስ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ጎብኚ የድሮውን ስብስብ እንደነበረ አገኛለሁ ብሎ መሄድ የለበትም፤ ከመሄዱ በፊትም የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ ቢያጣራ መልካም ነው። ወንድ ልጄን ይበልጥ የሳበው ፒያሳ ላይ የሰማው ወሬ ነው፦ የጣሊያን አውሮፕላኖች በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴን ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋ ውስጥ እንደነበሩና ራሳቸው መትረየስ እንደተኮሱ ሲነገረው፣ ፎቶግራፉን በስልኬ ካላሳየሽኝ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ።

ለምሳ ወደ ሐይቅ ከተማ ሄድን፤ ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ቦሩ ሜዳንም በመንገዳችን አየነው። ምሳውን እዚያ ያደረገው አስጎብኚው ነው፤ ምክንያቱም እንደኛ ያለ ቤተሰብ ሥጋ ቤት ቢገባ የሙስሊምና የክርስቲያን እየተባለ በሁለት ትሪ መለያየቱ አይቀርም፤ ዓሣ ግን የማንም ባራኪ ቢላ አይፈልግምና ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። ዓሣ ጥብሱ ትኩስ፣ ዳጣው ለልጆቹ የሚበዛ ነበር፤ አስተናጋጇ አይታ ሳትጠየቅ ለብቻው አቀረበችው። ዋጋው ከደሴ ሆቴሎች ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አስቀድሞ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ፤ ሴት አይገባበትም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም በመሆኑ ባለቤቴና ወንድ ልጄ ገብተው ሲጎበኙ፣ እኔ፣ ሴት ልጄና እናቴ ዳር ላይ ቡና አፍልተውልን ጠበቅናቸው። ልጄ አኩርፋ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ለልጆች ዋዜማውን ነግሮ ማሳደር ይሻላል።

የአስጎብኚውን ሒሳብ በቀን ተስማምተን ማታ በቴሌብር ከፈልን፤ እርሱ ጭማሪ አልጠየቀም፣ እኛ ግን ጨምረናል። እርሱንም ሆነ ሌላውን ለመያዝ የምታስቡ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ የልጆቹን ዕድሜ፣ ዳገት የሚከብደው ሰው መኖሩንና ማን ምን እንደማይበላ ንገሩት፤ የቀኑን መንገድ የሚያወጣው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው።